አንድ ክኒን ለምን በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይሠራም?

የአንባቢያን የጤና ጥያቄና መልስ

ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለዚህ ዕትም አራቱን መርጠናል። የተጻፉት ስለ ጥርስ ሕመም፣ ስለ ቲቢ ሕክምና፣ ስለ ጨቅላ ሕፃን ትኩሳትና ስለ ወገብ ሕመም ነው፤ ሆኖም አራቱም የሚያጠነጥኑት ሰውነታችን የዋጥነውን መድኃኒት ምን ያደርገዋል በሚለው ጉዳይ ላይ ነው። የጠያቂዎቹን ስም አልጠቀስንም፤ ደብዳቤዎቹንም በጥቂቱ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የሁለት ወር ሕፃን አጠባለሁ። ሰሞኑን የመንጋጋ ጥርሴን ተነቅዬ ሕመሙ እንቅልፍ ስለነሳኝ፣ እህቴ ከለንደን ስትመጣ ካመጣችልኝ ማስታገሻ ሁለት ፍሬ ዋጥሁ። ማሸጊያው ላይ «ኮ-ኮዳሞል 30/500» ይላል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከባድ እንቅልፍ ጣለኝ። ባለቤቴ እንደነገረኝ ሲቀሰቅሰኝ የምመልስለት ቃል አይገጣጠምም ነበር፤ አተነፋፈሴም ዘገም ብሎ ነበር። የሚገርመው ግን እሱ ራሱ ከዚያው ማሸጊያ ሁለት ፍሬ ለወገቡ ወስዶ ምንም ለውጥ አላየም። አንድ መድኃኒት እንዴት እንዲህ ይለያያል? የቀረውንስ እያጠባሁ ግማሽ ግማሹን ብወስድ ይጎዳኛል?

መልስ፦ አስቸኳዩ የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ከቀረው ክኒን ግማሹንም ሆነ ሩቡን አይውሰዱ። የገለጹልን ከባድ እንቅልፍ፣ የንግግር መዘባረቅና የአተነፋፈስ መዘግየት መድኃኒቱ በሰውነትዎ ውስጥ ከሚገባው በላይ እንደበረታ የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንጂ ተኝቶ ይለፍልኝ ማለት አይገባም። መድኃኒቱ ወደ ጡት ወተትም ይገባል። ይህን መድኃኒት የወሰደች እናት የምታጠባው ሕፃን ከወትሮው በላይ ካንቀላፋ፣ ጡት መሳብ ካቃተው፣ ሰውነቱ ከዛለ ወይም ለመተንፈስ ከተቸገረ ጊዜ ሳይሰጠው ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንምጣ። በማሸጊያው ላይ ያነበቧቸው ሁለት ቁጥሮች በእያንዳንዱ ክኒን ውስጥ 30 ሚሊ ግራም ኮዴይንና 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል እንዳለ ይነግሩናል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ የወሰዱት 60 ሚሊ ግራም ኮዴይን ነው። በአፍ የተወሰደ መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም ከገባ በኋላ ወዲያው በመላ ሰውነት አይሠራጭም፤ ከአንጀት ደም የሚሰበስበው ትልቅ የደም ሥር በመጀመሪያ ወደ ጉበት ያደርሰዋል። አብዛኞቹ መድኃኒቶች በቅባት እንጂ በውኃ በቀላሉ የሚሟሙ ስላልሆኑ ኩላሊት እንዳሉ አጣርቶ በሽንት ሊያስወጣቸው ይቸግረዋል፤ በጉበት ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ግን መድኃኒቶቹን እየለወጡ በውኃ እንዲሟሙ ያደርጓቸዋል፤ ከዚያም በሽንት ወይም በሐሞት በኩል ይወገዳሉ። ይህ ለውጥ ብዙውን ጊዜ የመድኃኒቱን ኃይል ያጠፋዋል። ጥቂት መድኃኒቶች ግን ሥራቸውን የሚጀምሩት ጉበት ከለወጣቸው በኋላ ነው፤ ኮዴይን ከእነዚህ አንዱ ነው። ኮዴይን በራሱ ሕመም የማስታገስ አቅሙ ደካማ ሲሆን፣ ሕመሙን በዋናነት የሚያስታግሰው ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ጥቂቱን ክፍል ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ ወደ ሞርፊን የሚለወጠው ከወሰደው ኮዴይን አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

የእርስዎና የባለቤትዎ ልዩነት የሚመጣው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ኢንዛይሙ የሚሠራበትን መመሪያ የያዘው ጂን ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ሰው ከእናትና ከአባቱ የሚወርሰው ጂን ደካማ ወይም ጨርሶ የማይሠራ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ሰው ኮዴይን ሲወስድ የሚያገኘው ሞርፊን እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ሕመሙ ንቅንቅ አይልም። ሌላው ደግሞ የሚሠራውን ጂን ተጨማሪ ቅጂዎች ይወርሳል፤ ኢንዛይሙ ስለሚበዛለት ኮዴይኑን በፍጥነትና በብዛት ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። ያለ ምርመራ እርግጠኛ መሆን ባይቻልም፣ የነገሩን ሁኔታ እርስዎ ከኋለኞቹ፣ ባለቤትዎ ደግሞ ከፊተኞቹ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያመለክታል።

ይህ ጉዳይ ኢትዮጵያውያንን በተለየ ሁኔታ ይመለከተናል። አሁን በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር የሆኑት ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው፣ 29 ከመቶ የሚሆኑት የዚህን ጂን ተጨማሪ ቅጂ ተሸክመው አግኝተዋቸዋል፤ በስዊድናውያን ዘንድ ግን መጠኑ ከ1 እስከ 2 ከመቶ ብቻ ነው። የአገራችን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይን በኢትዮጵያ ጥቅም ላይ እንዳይውል የከለከለውም ይህ የዘረመል ሁኔታችን ግምት ውስጥ ገብቶ ነው። እህትዎ በቅንነት ያመጡልዎት መድኃኒት ለንደን ውስጥ በሐኪም የሚታዘዝ ሕጋዊ መድኃኒት ቢሆንም፣ እዚህ የታገደው ያለ ምክንያት አይደለም። ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት «የውጭ ነው» ተብሎ ብቻ ሲታመን ማየት ያሳስበኛል፤ መጠኑ የተሰላው በአብዛኛው የሌላ ሕዝብ ጉበት እየታየ ነውና።

ነገር ግን ሁሉንም በዘር ላይ ጥሎ መሄድ አይቻልም። የእነዚሁ ተመራማሪዎች ሌላ ጥናት በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ስዊድን ከሚኖሩት ጋር ሲያነጻጽር፣ ጂናቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ አገር ቤት ያሉት ሰዎች ኢንዛይም ዘገም ብሎ ተገኝቷል፤ ይህም አመጋገብን ጨምሮ የአካባቢ ሁኔታ በኢንዛይሙ ላይ ጫና እንዳለው ያመለክታል። ጫትም ይህንኑ ኢንዛይም እንደሚያዳክም እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ታይቷል። ባለቤትዎ ጫት የሚቅሙ ከሆነ ክኒኑ ያልሠራላቸው በዚያም ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ትራማዶል አንድ ነገር ልጨምር፤ በአገራችን ለከባድ ሕመም በብዛት የሚታዘዘው እሱ ነውና። ትራማዶልም ኃይሉን በአብዛኛው የሚያገኘው በዚሁ ኢንዛይም አማካይነት ስለሆነ፣ ኮዴይን እንዲህ ያደረጋቸው ሰዎች ትራማዶል ሲታዘዝላቸው ያጋጠማቸውን ለሐኪሙ ሳይደብቁ መንገር አለባቸው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ለሕመም ማስታገሻነት እንዳይሰጡ ከልክሏል፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው አሳስቧል። የጥርስዎ ሕመም እስኪሻል ድረስ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ከሌለብዎት አይቡፕሮፌን፣ አለዚያም በመጠኑ ፓራሲታሞል ለሚያጠቡ እናቶች ተስማሚ ናቸው። የቀረውን ኮ-ኮዳሞል ለጎረቤት አይስጡ፤ ልጆችም በማያገኙት ሁኔታ ይዘው ወደ ቅርብ ፋርማሲ ይሂዱና እንዴት እንደሚወገድ ይጠይቁ። የዘረመል ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ስላልሆነ፣ የደረሰብዎትን ነገር፣ የክኒኑን ስምና መጠን በሕክምና ደብተርዎ ላይ ጽፈው ያስቀምጡ። ለሚቀጥለው ሐኪምዎ ከዚህ የሚበልጥ መረጃ የለም።

ጥያቄ፦ ሰበታ አካባቢ በአበባ እርሻ ውስጥ እሠራለሁ። የቲቢ መድኃኒት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ሽንቴ ቀይ ሆኗል፤ ሰሞኑን ደግሞ ሁለቱም እግሮቼ ከታች መርፌ እንደሚወጋቸው ይጠዘጥዙኛል። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ነርሷ በክንዴ ውስጥ የተቀበረው የወሊድ መቆጣጠሪያ «ከዚህ መድኃኒት ጋር ላይሠራ ይችላል» ማለቷ ነው። ላስወጣው ወይስ የቲቢውን መድኃኒት ላቋርጥ?

መልስ፦ የቲቢውን መድኃኒት በፍጹም አያቋርጡ፤ የክንድዎን መቆጣጠሪያም ለማስወጣት አይቸኩሉ። ነርሷ የነገረችዎት ትክክል ነው፤ ጠይቀው ማብራሪያ መፈለግዎም ተገቢ ነው።

ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች አንዱ ሪፋምፒሲን ነው። ሽንትዎን ያቀላው እሱ ነው፤ እንባንና ላብንም ሊያቀላ ይችላል፤ ቀለሙ ደም አይደለም፣ መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ የሚያሳየው መልክ ነው። ሪፋምፒሲን ግን ቲቢን ከመግደል ሌላ በጉበት ላይ ከባድ ሥራ ይሠራል፦ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግዱ ኢንዛይሞችን ከወትሮው በላይ እንዲያመርት ያዝዘዋል። አንድ ተቋራጭ አሸዋ የሚያነሱለትን ሠራተኞች ቁጥር እጥፍ ሲያደርግ ክምሩ ቶሎ እንደሚያልቅ ሁሉ፣ ኢንዛይሞቹ ሲበዙ በክንድዎ ከተቀበረው ዘንግ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚለቀቀው ሆርሞን ሥራውን ሳይሠራ ይወገዳል። ዘንጉ አልተበላሸም፤ በደምዎ ውስጥ የሚቆየው ሆርሞን ግን እርግዝናን ለመከላከል ከሚያስፈልገው መጠን በታች ሊወርድ ይችላል። በአፍ በሚወሰዱ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖችም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው።

የሦስት ወሩ መርፌ ውጤቱ በሪፋምፒሲን አይቀንስም። ሆርሞን የሌለው ሉፕም የጉበት ኢንዛይም አይነካውም። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደው ከሁለቱ የሚስማማዎትን ይምረጡ፤ እስከዚያው በኮንዶም ይጠቀሙ። ኢንዛይሞቹ የሚበዙት መድኃኒቱ በተጀመረ በሁለት ሳምንት ገደማ ስለሆነ በእርስዎ ላይ ይህ ለውጥ አስቀድሞ ተከስቷል፤ ወር አበባ ከቀረብዎት የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ። ሕክምናው ሲያበቃም ኢንዛይሞቹ ወደ ቀድሞ መጠናቸው የሚመለሱት ቀስ በቀስ ነውና፣ የመጨረሻውን ክኒን ከዋጡ በኋላ ለአራት ሳምንታት ተጨማሪ መከላከያ እንዳይለይዎት።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ሌሎች የቲቢ ታካሚዎችም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስዱ የልብ ሕሙማን፣ የስኳር ክኒን የሚወስዱና ዶሉቴግራቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከሪፋምፒሲን ጋር ሲሆኑ መጠናቸው መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ዶሉቴግራቪር ለምሳሌ በቀን አንድ ጊዜ 50 ሚሊ ግራም የነበረው ሁለት ጊዜ እንዲወሰድ ይደረጋል። የዋርፋሪን መጠን ተጨምሮለት የነበረ ሰው ደግሞ ሪፋምፒሲኑ ሲያልቅ መጠኑ ካልተቀነሰለት ደም የመፍሰስ አደጋ ያጋጥመዋል፤ ስለዚህ የቲቢ ሕክምናው በሚያልቅበት ሰሞን ክትትሉ ከመላላት ይልቅ መጥበቅ አለበት።

የእግርዎ መጠዝጠዝ የሚመጣው ከሌላው መድኃኒት፣ ከአይሶኒያዚድ ሳይሆን አይቀርም። አይሶኒያዚድን የሚያስወግደው ናት2 የሚባል ሌላ ኢንዛይም ነው፤ ይህም በአንዳንዱ ሰው ፈጣን፣ በሌላው ዘገምተኛ ነው፤ በአገራችን በተደረጉ ጥናቶች ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው ዘገምተኛ ሆኖ ተገኝቷል። በዘገምተኛው ሰው ሰውነት ውስጥ መድኃኒቱ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ የቫይታሚን ቢ6ን ሥራ እያወከ ነርቮችን ይጎዳል። ቢ6 በክኒን መልክ ስላለ ለጤና ባለሙያዋ ዛሬውኑ ይንገሩ፤ መጠዝጠዙ በጊዜ ከታከመ ይሻላል፣ ከቆየ ግን ሊያስቸግር ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ ነው የምጽፈው። የአምስት ሳምንት ልጃችንን ማታ ማታ ያተኩሰዋል። አማቴ የአዋቂ ክኒን ሩቡን ሰብረው በውኃ በጥብጠው ቢሰጡት ይበቃዋል ይላሉ፤ ባለቤቴ ደግሞ ትፈራለች። ሕፃኑ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ መድኃኒት ቢሰጠው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ባለቤትዎ መፍራታቸው ልክ ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ሲያተኩሰው ትኩሳቱን ማብረድ ሳይሆን ምክንያቱን ማግኘት ነው የሚቀድመው፤ በዚህ ዕድሜ ትኩሳት የከባድ ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ሩብ ክኒን ሩብ ውጤት ይሰጣል የሚለው ስሌት በጨቅላ ሕፃን ላይ አይሠራም። የሕፃኑ ጉበት ከአዋቂው የሚለየው በትንሽነቱ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ኢንዛይሞቹ ገና ሥራ አልጀመሩም፣ ኩላሊቱም የማጣራት አቅሙን ገና እየገነባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ክሎራምፊኒኮል የሚባለው አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ጨቅላዎች፣ በተለይ ያለጊዜያቸው የተወለዱት፣ ቆዳቸው ግራጫ እየሆነ የሞቱት መድኃኒቱን የሚያስወግደው ኢንዛይም ስላልነበራቸው በደማቸው ውስጥ እየተጠራቀመባቸው ነው። በአንጻሩ ሕፃን ዓመት ካለፈው በኋላ አንዳንድ መድኃኒቶችን በክብደቱ ልክ ሲሰላ ከአዋቂ እንኳን በፈጠነ ሁኔታ ያስወግዳል። የሕፃናት መድኃኒት በክብደትና በዕድሜ ተሰልቶ በሽሮፕ መልክ የሚሰጠው ለዚህ ነው። አማትዎ ልጅ ያሳደጉት በዘመናቸው ባገኙት ነውና ነገሩን በትሕትና አስረድተዋቸው፣ ወደ ጤና ጣቢያው አብረዋችሁ ቢሄዱ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ውስጥ በድንጋይ ጠረባ ነው የምተዳደረው። ለወገቤ ፓራሲታሞል ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን አምስት ጊዜ እወስዳለሁ፤ ማታ ደግሞ ድካሜን ለማርገብ ሁለት ሦስት መለኪያ አረቄ እጠጣለሁ። ፓራሲታሞል ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ስለሆነ አይጎዳም ይባላል። በቅርቡ ግን ምግብ አስጠልቶኛል፣ ያቅለሸልሸኛልም።

መልስ፦ ፓራሲታሞል በልኩ ሲወሰድ ከሁሉም ማስታገሻዎች ይልቅ ደህና ከሚባሉት አንዱ ነው። እርስዎ ግን በቀን አሥር ፍሬ፣ ማለትም 5 ግራም እየወሰዱ ነው፤ ለጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን 4 ግራም ሲሆን፣ አዘውትሮ አልኮል ለሚጠጣና በቅጡ ለማይመገብ ሰው ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከ2 ግራም እንዳያልፍ ይመክራሉ።

ጉበት አብዛኛውን ፓራሲታሞል ያለ ጉዳት ለውጦ ወደ ሽንት ይልከዋል። ጥቂቱ ግን በሌላ መንገድ ያልፍና መርዛማ ወደሆነ ነገር ይለወጣል፤ ይህንንም ጉበት ግሉታታዮን በሚባል የራሱ መከላከያ ወዲያው ያመክነዋል። መጠኑ ሲበዛ ደኅናው መንገድ ይሞላና ወደ መርዛማው መንገድ የሚገባው ይበዛል። አዘውትሮ የሚጠጣ አልኮል ይህን መርዛማ ነገር የሚያመርተውን ኢንዛይም ያበዛዋል፤ ምግብ ማጓደልና ቀን ሙሉ ሳይበሉ መዋል ደግሞ ግሉታታዮኑን ያመነምነዋል። እርስዎ ሦስቱንም በአንድ ላይ ተሸክመዋል፤ በፀሐይና በአቧራ ሲጠርቡ ውለው ማታ ከእራት በፊት አረቄ ሲጀምሩ ጉበትዎ ከሁለቱም አቅጣጫ ይመታል።

የዚህ ጉዳት አሳሳችነት መጀመሪያ ላይ ምልክቱ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት ማጣት ብቻ መሆኑ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ክኒን የዋጠ ሰው በሁለተኛው ቀን የተሻለው መስሎት በሦስተኛው ቀን ጉበቱ ሥራ ሊያቆም ይችላል። አሴቲልሲስቴይን የሚባለው ማርከሻ መድኃኒት ግሉታታዮኑን በመተካት ጉበትን ያድናል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ብዙ ክኒን በተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። በየቀኑ ከተፈቀደው መጠን ጥቂት በጥቂት ያለፈ ሰውም ምልክቱ ሲታይበት በሐኪም መታየት አለበት።

ስለዚህ ፓራሲታሞሉንም አረቄውንም ከዛሬ ጀምረው ያቁሙ፤ ሲያቆሙ እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያልብዎ ከሆነ ግን ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ አልኮልን ድንገት መተው በራሱ ክትትል የሚፈልግበት ጊዜ አለና። ነገ ጠዋት ሥራ ከመግባትዎ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደው የጉበት ምርመራ ይጠይቁ። ለጉንፋን የሚሸጡ ብዙ ክኒኖችም ውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላለ፣ ሰሞኑን የወሰዷቸውን ማሸጊያዎች በሙሉ ይዘው ይሂዱ፤ አረቄውንም ሳያፍሩ በመለኪያ ብዛት ይናገሩ። በገዛ ፈቃድዎ ወደ ዳይክሎፌናክ አይዙሩ፤ እሱም በጨጓራና በኩላሊት ላይ የራሱ ጣጣ ስላለው ለወገብዎ የሚሆነውን ሐኪሙ ይወስንልዎ። የዓይንዎ ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ በቀኝ ጎድንዎ በኩል ሕመም ከተሰማዎ ወይም ነገር መርሳትና መዘባረቅ ከጀመሩ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።